አንድ ኬትልቤል፣ አራት ዓመት፦ ለጥያቄሽ ረዘም ያለ መልስ

ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። "ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው፣ ለጂም ጊዜ የለኝም፣ ወገቤንም አልፎ አልፎ ያመኛል። አንድ ኬትልቤል ብገዛ ጥንካሬም ትንፋሽም አገኝበታለሁ ወይስ ወሬ ነው? ስንት ኪሎስ ልግዛ?" ነው ያልሽው። (ለማያውቅ አንባቢ፦ ኬትልቤል ከላይ እጀታ ያላት ድቡልቡል የክብደት ብረት ናት።) እኔም ከአራት ዓመት በፊት ይህንኑ ነበር የምጠይቀው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

ወሬ አይደለም፣ ይጠቅማል። ግን ጥቅሙ ሁሉ የሚመጣው በዳሌሽ ማንሳት ስትለምጂ ነው። ይሄ ያልገባው ሰው ከኬትልቤል የሚያተርፈው የዛለ ትከሻና የታመመ ወገብ ብቻ ነው። ለእኔ እስኪገባኝ ግማሽ ዓመት ፈጅቶብኛል፣ ስለዚህ ከስህተቴ ልጀምር።

መጀመሪያ ያስተማረኝ አንድ የጂም አሠልጣኝ ነው። "ቁጭ ብድግ እያልክ ወደ ላይ አንሳት" አለኝ፣ በቃ። እንዳለኝ አደረግኩ። ብረቷን ገዝቼ ቤት አስገባሁና በጉልበቴ ቁጭ ብድግ እያልኩ፣ በክንዴ ጉልበት እስከ ግንባሬ አነሳታለሁ። ላብ በላብ እሆናለሁ፣ ደስም ይለኛል። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋ ልነሳ ስል ወገቤ እምቢ አለኝ። ካልሲ ለማጥለቅ ግድግዳ መደገፍ ነበረብኝ። ኬትልቤሏም ለሦስት ወር የበር መደገፊያ ሆና ከረመች። (ለዚያ ሥራ ግን ወደር የላትም፣ ነፋስ አይደፍራትም።)

የነቃሁት ድሮ ክብደት ማንሳት ይወዳደር የነበረ ጓደኛዬ ቤት መጥቶ፣ በሩ ሥር ሲያያት ነው። "እስቲ አሳየኝ" አለ። አሳየሁት፣ ሳቀ። "ይሄ እኮ ስኳት (ቁጭ ብድግ) ነው፣ ስዊንግ አይደለም።" ከዚያ ብረቷን አስቀምጦ ጀርባዬን ለግድግዳ አሰጠኝና አንድ ጫማ ያህል ርቄ እንድቆም አደረገኝ። "ሁለቱም እጅህ ዕቃ ይዟል፣ በሩን በመቀመጫህ ዝጋው" አለኝ። ጉልበቴ ትንሽ ብቻ ታጠፈ። መቀመጫዬ ወደ ኋላ ሄዶ ግድግዳውን ነካ። የጭኔ የኋላ ጡንቻ እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ። በሕይወቴ እዚያ ቦታ ጡንቻ እንዳለኝ ያወቅኩት ያን ቀን ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ስዊንግ ማለት ይሄው ነው። ብረቷ በእግሮችሽ መካከል ወደ ኋላ ታልፋለች፣ መቀመጫሽ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ጀርባሽ ቀጥ ብሎ ይቆያል። ከዚያ መሬቱን በእግርሽ ገፍተሽ፣ መቀመጫሽን ጨብጠሽ ብድግ ትያለሽ። ብረቷ በራሷ ጊዜ ተንሳፋ እስከ ደረትሽ ትመጣለች። እጅሽ ገመድ ነው፣ ሥራው መያዝ ብቻ ነው። ስትመለስ ደግሞ አትቸኩዪ። ክንድሽ ጎድንሽን እስኪነካ ጠብቂና ያኔ ብቻ ታጠፊ። ቀድመሽ ካጎነበስሽ ክብደቱ ሁሉ ወገብሽ ላይ ያርፋል። እኔን የጎዳኝ ይሄው ነበር።

"ዳምቤል ይዤ ብወዛወዝስ?" የሚል ሰው አይጠፋም። ይቻላል፣ ግን አንድ አይደለም። የዳምቤል ክብደት በእጅሽ ግራና ቀኝ ሚዛኑን ጠብቆ ይቀመጣል። የኬትልቤል ክብደት ግን ከእጀታው ውጭ ተንጠልጥሏል። ስለዚህ እንደ ፔንዱለም ትወዛወዛለች፣ ሁልጊዜም ልታመልጥሽ ትፈልጋለች። ወደ ላይ ስትሄድ በፍጥነት ማስነሳት አለብሽ፣ ስትወርድ ደግሞ ፍሬን መያዝ አለብሽ። በዚህ ምክንያት 12 ኪሎዋ በጉዞ ላይ ከ12 ኪሎ በላይ ነው የምትከብደው። ጭን፣ መቀመጫ፣ ሆድ፣ ጀርባና ጭብጥ አንድ ላይ ይሠራሉ፤ ልብም ዝም ብላ አታይም። ለዚህ ነው በአንድ ዕቃ ጥንካሬና ትንፋሽ አብረው የሚመጡት።

አሁን ወደ ወገብሽ። ያልተደባበቀ መልስ ስጪኝ ካልሽኝ፣ እንደ ወገብሽ ዓይነት ነው። በ2012 ስቱዋርት ማክጊል የሚባለው ታዋቂ የካናዳ የጀርባ ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር ስዊንግ ሲሠራ አከርካሪ ላይ ምን እንደሚያርፍ ለክቶ ነበር። አንዱን የአከርካሪ አጥንት በሌላው ላይ ለማንሸራተት የሚሞክረው ኃይል፣ በስዊንግ ጊዜ አቅጣጫው ከተለመደው ክብደት ማንሳት ጋር ተቃራኒ ሆኖ ተገኘ። አንዳንዱ ሰው በስዊንግ ወገቡ ሲሻለው፣ ሌላው ከባድ ባርቤል (ግራና ቀኝ ጫፉ ላይ ክብደት ያለው ረጅም ዘንግ) ምንም ሳያደርገው ስዊንግ የሚያመው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የጎረቤትሽ ወገብ ዳነ ማለት የአንቺ ይድናል ማለት አይደለም።

ተስፋ የሚሰጥም አለ። በ2011 የታተመ የዴንማርክ ጥናት የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም በሚበዛበት ሥራ ላይ ባሉ 40 ሰዎች ላይ ተሠርቷል። ግማሾቹ ለስምንት ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ኬትልቤል ሠሩ። የአንገትና የትከሻ ሕመማቸውም የወገባቸውም ቀነሰ፣ የጀርባቸው ጡንቻም ጠነከረ። ትንፋሻቸው ግን አልተለወጠም! ይሄን ብዙ ሰው ሲያወራ አይጠቅሰውም። በሌላ በኩል በ2015 የታተመ ጥናት ላይ የዩኒቨርሲቲ ሴት እግር ኳስ ተጫዋቾች 15 ሰከንድ ስናች (ብረቷን ከእግር መካከል በአንድ ትንፋሽ እስከ አናት በላይ ማድረስ)፣ 15 ሰከንድ እረፍት እያሉ 20 ደቂቃ ይሠሩ ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ለአራት ሳምንት። ኦክስጅን የመጠቀም አቅማቸው 6 በመቶ ያህል ጨመረ። ልዩነቱ የአሠራሩ ይመስለኛል። እየተዝናናሽ፣ ረጅም እያረፍሽ ከሠራሽ ጥንካሬ ታገኛለሽ፣ ትንፋሽ ግን አይመጣም። ትንፋሽ ከፈለግሽ እረፍቱን ማሳጠር ግድ ነው።

እኔ ላይ የሆነውን ልንገርሽ። እንደገና ስጀምር አሥር ስዊንግ ሠርቼ ወንበር እፈልግ ነበር። ከአራት ወር በኋላ በየደቂቃው አሥር እያልኩ በአሥር ደቂቃ መቶ ሠራሁ። ደረጃ ስወጣ እያወራሁ መውጣት ቻልኩ። የወገቤ ነገር ጨርሶ ጠፋ አልልም፤ ብዙ ቀን ተቀምጬ ከዋልኩ አሁንም ያስታውሰኛል። ግን ወለል ላይ የወደቀ ዕቃ ለማንሳት ሳጎነብስ የምፈራው ፍርሃት ለቀቀኝ። በመቀመጫዬ ማጎንበስ ለመድኩ፣ ሳላስበው።

ኪሎ ግን አልቀነስኩም። አመጋገቤን አልነካሁማ! ደረቴም አልሰፋም። ከላይ ወደ ታች የሚጎትት እንቅስቃሴ ኬትልቤል ላይ ስለሌለ ፑል አፕ (ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ) የምሠራበት ብረት በር ላይ ሰቅያለሁ። ትልቅ ክብደት በስኳት ማንሳት ዓላማሽ ከሆነ ደግሞ ባርቤል ይበልጣል፣ ክርክርም የለውም። አንቺ የጠየቅሽው ግን ሌላ ነው። ጊዜ የለሽም፣ ቦታም ብዙ የለሽም፣ ጠንካራና የማይደክም ሰውነት ነው የፈለግሽው። ለዚያ ከዚህች ብረት የተሻለ ዕቃ አላውቅም።

ስንት ኪሎ? ስትፈልጊ 16፣ 24፣ 32 የሚሉ ቁጥሮች ታያለሽ፣ እኔን ግራ አጋብተውኝ ነበር። ነገሩ የሩሲያ ነው። እዚያ "ጊሪያ" ትባላለች፤ ድሮ ገበያ ላይ እህል የሚመዘንባት የሚዛን ብረት ነበረች። የሩሲያ የድሮ መለኪያ አንድ ፑድ 16 ኪሎ ከ380 ግራም ገደማ ነው። 16 አንድ ፑድ፣ 24 አንድ ተኩል፣ 32 ሁለት ፑድ መሆኑ ነው። ነጋዴዎቹ እሷን እያነሱ ጉልበት መፎካከር ጀመሩ፣ ነገሩ አድጎ ስፖርት ሆነ። ዛሬ በውድድሩ ላይ አሥር ደቂቃ ሙሉ መሬት ሳያስነኩ ያነሷታል። እኔ ሁለት ደቂቃ ሞክሬ እጄ ውሃ ቋጠረ።

ለአንቺ የምመክርሽ፣ አንድ ብቻ የምትገዢ ከሆነ 12 ኪሎ ነው። ከዚህ በፊት ምንም ስፖርት ሠርተሽ የማታውቂ ከሆነ 8 ይሁን፣ ግን ለስዊንግ ቶሎ እንደምታንስሽ እወቂ። ለወንዶች 16 የተለመደ መነሻ ነው። "ቀላል ይሻላል፣ አይጎዳም" የሚለው ምክር እዚህ ላይ አይሠራም። ብረቷ በጣም ከቀለለች ክንድሽ ብቻውን ያነሳታል፣ ዳሌሽ ሥራ አይማርም። ስትገዢ እጀታውን በጣትሽ ዳሺው። ሻካራ ጠርዝ ወይም የብየዳ ቁርጥራጭ ካለው ተይው፣ መዳፍሽን ይልጠዋል። ፕላስቲክ የለበሱትና ውስጣቸው አሸዋ የሆኑትም አሉ፤ ለመጠናቸው ስለሚገዝፉ በእግር መካከል አልፈው ሲሄዱ አይመቹም።

አጀማመሩ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንት ስዊንግ አትንኪ። ብረቷን በቁርጭምጭሚትሽ መካከል አስቀምጠሽ በዚያው "በር የመዝጋት" እንቅስቃሴ አንሺያት፣ መልሺያት። ይሄ ዴድሊፍት ነው። ከሱ ጋር በሁለት እጅ ደረትሽ ላይ ታቅፈሽ ቁጭ ብድግ በዪ፣ ጎብሌት ስኳት ይባላል። እነዚህ ካላመሙሽ ወደ ስዊንግ እለፊ። አሥር ሠርተሽ ትንፋሽሽ ተመልሶ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር እስክትችዪ እረፊ፣ አምስት ዙር ይበቃል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሩብ ሰዓት። እረፍቱን ማሳጠር የምትጀምሪው አሥረኛው ስዊንግሽ መጀመሪያውን ሲመስል ነው። ፕሬስ (ብረቷን ከትከሻ ወደ ላይ መግፋት) እና ተርኪሽ ጌት አፕ (ብረቷን በአንድ እጅ ወደ ላይ ይዞ ከተኙበት ተነስቶ መቆም) በኋላ ይመጣሉ። ጌት አፕን ስትለማመጂ በብረቷ ፋንታ የጨበጥሽው እጅ ላይ ጫማ አስቀምጪ። ጫማው ሳይወድቅ ተነስተሽ ከቆምሽ ገብቶሻል ማለት ነው። ስናችን ለመጀመሪያው ዓመት እርሺው። ክሊንም (ብረቷን ከታች ወደ ትከሻ ማምጣት) ቢሆን ሳይማሩት ክንድ ያበልዛል፤ እኔ ሰዎች "ማን መታህ?" ብለው እስኪጠይቁኝ ደርሻለሁ።

ጥቂት ትናንሽ ነገሮች። ወፍራም ስፖንጅ ሶል ያለው ጫማ አታድርጊ፣ ባዶ እግር ወይም ጠፍጣፋ ጫማ ይሻላል። እጀታውን በመዳፍሽ መሐል ሳይሆን በጣቶችሽ ሥር ያዢው፤ መጅ ሲያወጣ ሳይቆለል ሞርጂው፣ አለበለዚያ አንድ ቀን ከነቆዳሽ ይነሳል። ፊት ለፊትሽ ሕፃንም ቴሌቪዥንም አይኑር። ብረቷ ካመለጠችሽ ልትይዣት አትሞክሪ፣ ልቀቂያትና ወደ ኋላ ሽሺ። ወለል ይጠገናል።

የወገብሽ ሕመም ወደ እግርሽ የሚወርድ ከሆነ፣ ወይም እግርሽን የሚያደነዝዝሽ ከሆነ ግን ከመግዛትሽ በፊት ሐኪም ጋ ሂጂ። የደም ግፊት ያለበት፣ ነፍሰ ጡርና በቅርቡ ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰውም እንዲሁ። ስትሠሪ ደግሞ ትንፋሽሽን አፍነሽ አትያዢ፤ ብድግ ስትዪ "ትስ" ብለሽ አውጪው።

ብረቷ ስትደርስሽ ስልክሽን ወንበር ላይ አቁመሽ አምስት ስዊንግ ከጎን ቅረጪና እዚህ ለጥፊው። ከፊት የተቀረጸ አይጠቅመንም። ጉልበትሽ ከመቀመጫሽ ቀድሞ እየታጠፈ እንደሆነ የሚታየው ከጎን ብቻ ነው።