ሁለት ጥንድ ስፒከር፣ አንድ ሳሎን፦ የቱን ላስቀር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ለዓመታት ቆጥቤ በመጨረሻ መሬት ላይ የሚቆም ጥሩ ስፒከር ልገዛ ተነሳሁ። ኬፍ አር 7 ሜታ ገዛሁ። ባወርስ ኤንድ ዊልኪንስ 702 ኤስ 3 ደግሞ ከሱቅ ለሙከራ አመጣሁ። አንዱን መመለስ አለብኝ። አሁን አራቱንም ቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ደርድሬ፣ አምፕሊፋየሩ ላይ ያለውን የኤ እና የቢ ቁልፍ እየቀያየርኩ እሰማለሁ። ባወርሱ ወዲያው ይበልጥብኛል፤ ጥርት ያለ ነው፣ ጉልበት አለው። ባለቤቴ ግን ከኩሽና ሆና ስትሰማ ኬፉ ይሻላል ትላለች። የማንን ጆሮ ልመን? ሳሎናችን አምስት ሜትር በአራት ሜትር ገደማ ነው።

መልስ፦ የእርስዎም የባለቤትዎም ጆሮ ደህና ነው። ችግሩ ያለው አወዳደሩ ላይ ነው። እስካሁን የሰሙት በአብዛኛው የድምፅ መጠንና የቦታ ልዩነት ነው፤ ስፒከሮቹ ገና አልተወዳደሩም።

ከመጠኑ እንጀምር። እኩል ቮልቴጅ ተሰጥቷቸው በአንድ ሜትር ርቀት ሲለኩ ኬፉ 88፣ ባወርሱ 90 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ያወጣሉ፤ አምራቾቹ ራሳቸው የጻፉት ቁጥር ነው። ስለዚህ ቮልዩሙን ሳይነኩ ቁልፉን ወደ ባወርስ ባዞሩ ቁጥር ድምፁ በ2 ዴሲቤል ገደማ ከፍ ይላል። ይቺ ትንሽ ልዩነት «ጮኸ» አታሰኝም። «ጠራ፣ ጉልበት አገኘ፣ ባሱ ሞላ» ነው የምታሰኘው። አንዳንድ ሻጭ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ መሸጥ የፈለገውን ትንሽ ከፍ አድርጎ ያሰማዎታል።

እኩል ማድረግ ከባድ አይደለም። ፒንክ ኖይዝ የሚባለውን፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ የሚመስለውን ድምፅ ይክፈቱ። ከ500 እስከ 2000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል) ብቻ የያዘውን ቢያገኙ ይመረጣል፣ ምክንያቱም ከዚያ በታች ያለውን ባስ ክፍሉ ራሱ ስለሚያዛባው ልኬቱን ያሳስትዎታል። ስልክዎን ሶፋው ላይ ጆሮዎ በሚደርስበት ከፍታ ያስቁሙት። አይፎን ከሆነ ናዮሽ የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የሥራ ጤና ተቋም በነፃ ያወጣው የድምፅ መለኪያ አፕ አለ፣ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ቮልዩሙ ስንት ላይ ሲሆን ሁለቱ እኩል እንደሚመጡ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ልዩነቱ ከግማሽ ዴሲቤል እንዳይበልጥ።

ቀጥሎ ቦታው። አራቱን በአንድ መስመር ሲደረድሩ ውጪ የቆሙት ጎን ግድግዳው ስለሚቀርባቸው ባሳቸው ይገዝፋል። የዝምተኞቹ ባስ ሸራ (እየተርገበገበ ድምፅ የሚያወጣው ክብ ክፍል) ደግሞ በሌሎቹ ድምፅ አብሮ ይርገበገባል። አንዱን ጥንድ ወደ መኝታ ቤት ያውጡት። ወለሉ ላይ ቴፕ ለጥፈው ሁለቱንም እየተፈራረቁ እዚያው ምልክት ላይ ያቁሟቸው። እያንዳንዳቸው 30 ኪሎ አካባቢ ናቸውና ረዳት ያስፈልጋል። የኬፉ ባስ የሚተነፍስባቸው ሁለት ቀዳዳዎች ከኋላው ስለሆኑ ግድግዳ ላይ አያስጠጉት፤ ቦታ ከጠበበ ካርቶኑ ውስጥ ያሉትን የስፖንጅ መድፈኛዎች ይሞክሩ። ሶፋዎም ከኋላ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ከሆነ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይሳቡት። አምስት ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 34 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ባስ ያጎላዋል፣ በተለይ ግድግዳው ጥግ ለተቀመጠ ሰው። ብዙ ሰው «ስፒከሩ ያጉረመርማል» ብሎ የሚመልሰው በዚህ ነው፣ ያሳዝናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ ኤ እና ቢን አንድ ላይ አይክፈቱ! ሁለቱም ስፒከሮች በአንዳንድ ድምፅ ላይ ወደ 3 ኦም ይወርዳሉ (ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ ነው፤ ሲያንስ አምፑ ላይ ጫናው ይበዛል)። አብረው ሲሠሩ ከ2 ኦም በታች ሊሆን ይችላል፣ ያኔ አምፑ አደጋ ላይ ነው።

አሁን ወደ ባለቤትዎ። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የሰጠችው አስተያየት ነው የሳበኝ። ኬፍ ከ1988 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሚሠራበት አሠራር ትዊተሩ፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክፍል፣ የሚቀመጠው የመካከለኛው ድምፅ ሸራ እምብርት ላይ ነው። ስለዚህ ድምፁ ከፊት ለፊት ወጣ ብሎ ለቆመ ሰውም ብዙም አይለወጥም። የባወርሱ ትዊተር ከሳጥኑ በላይ ለብቻው ተቀምጧል፣ ሶፋው መሃል ለተቀመጠ ሰው ዝርዝሩን ቁልጭ አድርጎ ያወጣል። እሷ ደግሞ ስፒከሩንም ዋጋውንም ሳታይ ነው የምትሰማው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሾን ኦሊቭና ፍሎይድ ቱል የተባሉ የድምፅ መሣሪያ አምራቹ የሃርማን ተመራማሪዎች በ1994 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች ስፒከሩን እያዩ የሰጡት ውጤትና ሳያዩ የሰጡት ውጤት ተለያይቷል፤ ሲያዩ የማን ምርት እንደሆነና መልኩ ፍርዳቸውን ይጎትተዋል። እርስዎም ይሞክሩት። ከሳሎን ይውጡ፣ ሌላ ሰው የፈለገውን ጥንድ ምልክቱ ላይ ያቁም፣ ፊቱ ላይ ነጠላ ይጋርድበት፣ በጻፉት ቮልዩም ይክፈት። ከዚያ ገብተው ይስሙና ሳይጠይቁ ፍርድዎን ይጻፉ።

ለመፈተኛ በገና ይጠቀሙ፣ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የበገና ድምፅ ወፍራም ነው፣ ግን ጅማቱና መደገፊያው መካከል የምትገባው የቆዳ ቁራጭ፣ እንዚራዋ፣ እያንዳንዱ ምት ላይ ያንን የሚነዝር ድምፅ ትጨምርበታለች። ንዝረቱ የሚወጣው ከላይኛው ሸራ፣ ክብደቱ ከታችኛው ነው። ጥሩ ስፒከር ላይ ሁለቱ ከአንድ ጅማት፣ ከአንድ ሰው እጅ እንደወጡ ይሰማሉ። ካልሆነ ታች አንድ ማጉረምረም፣ ላይ አንድ ዝዝታ ሆኖ ይለያያል። የድምፃዊው ሹክሹክታም ከሁለቱ ስፒከሮች መሃል ይምጣ እንጂ ወደ አንዱ አያዘንብል። ከዚያ በሞኖ (ከሁለቱም ስፒከር አንድ ዓይነት ድምፅ በሚወጣበት አቀራረጽ) የተቀዳ የ1960ዎቹ የአዲስ አበባ ዘፈን ያስከትሉበት። አሮጌ ቅጂ ላይ ትራምፔቱ ጆሮ የሚወጋ ከሆነ ያ ስፒከር ከሚወዱት ሙዚቃ ጋር አይኖርም።

ይህን ሁሉ አድርገው ባወርሱ አሁንም ከበለጠብዎት ያስቀሩት፣ ሐቅዎ ነው። ተቀራራቢ ከሆኑ ግን እኔ ኬፉን አስቀራለሁ። እንደናንተ ሰው ገባ ወጣ በሚልበት፣ ቡና እየተፈላ በሚደመጥበት ሳሎን፣ ለሁሉም ወንበር እኩል የሚያሰማ ይሻላል። አንድ ሙሉ ምሽትም ቮልዩሙን ዝቅ አድርገው ያዳምጡ፤ የሚያደክም ስፒከር ያኔ ይታወቃል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ ስፒከር ሊያመጣልኝ ነው። አዲስ አበባ በእኛ መብራት ይሠራል? (ከሲኤምሲ)

መልስ፦ ግድግዳ ላይ የማይሰካ፣ በሽቦ ከአምፕ ጋር ብቻ የሚገናኝ ስፒከር ከሆነ ምንም አይነካውም። ጥያቄው አምፑ ነው። የአሜሪካው አብዛኛውን ጊዜ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነው፣ የእኛ 220 ነው። በቀጥታ ቢሰኩት ይቃጠላል። ስፒከሩን ያምጣልዎት፣ አምፑን እዚህ ይግዙ፤ ወይም አምፑን ከመግዛቱ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንስቶ ይላክልዎት። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል።