ማን ይሄዳል፣ ማን ይቀራል? ስለ ስደት ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰው አገሩን ጥሎ የሚሄደው በድህነት ነው ይባላል። በእኛ ቀበሌ ግን የሄዱት የደህና ደህና ቤት ልጆች ናቸው። ድሃ ድሃው እዚሁ ነው ያለው። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ ያዩት ትክክል ነው። ድህነት የመሄድ ፍላጎት ያመጣል እንጂ የመሄጃ ገንዘብ አይሰጥም። መንገዱ የሚከፈለው በሬ ተሽጦ፣ ባሕር ዛፍ ተሽጦ፣ መሬት ለዓመታት አከራይቶ፣ ወይም ባሕር ማዶ ካለ ዘመድ ተበድሮ ነው። ይህ ሁሉ የሌለው ቤት ልጁን ቢልክ ቢልክ እስከ ቅርቡ ከተማ ነው። አንድ አገር ከከፋ ድህነት ትንሽ ቀና ሲል ስደቱ የሚጨምረውም ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ መቀነስ የሚጀምረው የነፍስ ወከፍ ገቢ፣ በመግዛት አቅም ሲሰላ፣ 10,000 ዶላር አካባቢ ሲደርስ ነው። ኢትዮጵያ ከዚያ ገና ሩቅ ናት።

ሁለተኛው ነገር ቀድሞ የሄደ ሰው ነው። ከሐዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ከወሎና ከራያ ወደ ሳዑዲ የሚኬደው በአጋጣሚ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ መንገዱን፣ ሥራውንና ማደሪያውን አወቁ፤ ወንድምና የአክስት ልጅ ጠሩ። አጠገቡ ያለው ወረዳ ችግሩ አንድ ዓይነት ሆኖ፣ የሚጠራው ሰው ስለሌለ ብቻ ማንም ላይወጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ስደተኛና ፍልሰተኛ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ በሕግ ስደተኛ የሚባለው እ.አ.አ. በ1951 በወጣው ስምምነት መሠረት በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ወገኑ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ እንዳይሳደድ ፈርቶ ድንበር የተሻገረ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.አ.አ. የ1969 ስምምነት ደግሞ ከጦርነትና ሥርዓት ከፈረሰበት ቦታ የሸሸውንም ይጨምራል። ፍልሰተኛ ሰፊ ቃል ነው፤ ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ለትዳር የሄደውንም ይይዛል። መንገድ ላይ ግን ሁለቱ አንድ ጀልባ ውስጥ ይገኛሉ።

ጥያቄ፦ ዋናው ምክንያት መሬት ነው የሚሉ አሉ። እስቲ በቁጥር ያሳዩን።

መልስ፦ በአማራ ክልል ሰፊው የመሬት ሽግሽግ የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ በወሎ አንዳንድ ወረዳዎች ከዚያም ቀደም ብሎ። ያኔ ሕፃን የነበረ ወይም ከዚያ ወዲህ የተወለደ ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል፤ በስሙ ግን ማሳ የለውም። የቀረው የአባቱን መካፈል ነው። አባት አንድ ሄክታር ይዞ አራት ልጆች ቢኖሩት ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰው አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ነው። ከአንድ ጥማድ ጤፍ አራት፣ ቢበዛ አምስት ኩንታል ቢገኝ ነው። ከዚያ ላይ የዘርና የማዳበሪያ ወጪ ሲነሳ ትዳር የሚያቆም ነገር አይተርፍም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት ስለማይሸጥ፣ ያቺን ጥማድ ሸጦ ንግድ ልጀምር ማለትም አይቻልም። ማከራየት ወይም ለእኩል መስጠት ነው ያለው፤ የኪራዩ ገንዘብ ደግሞ ብዙ ጊዜ የደላላ ክፍያ ይሆናል።

ጥያቄ፦ በእኛ ሰፈር ከ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ ለዓረብ አገር የሚመዘገቡት በዙ። ከብር መውረድ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ ይገናኛል። የሳዑዲ ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ነው። ስለዚህ እዚያ የምትሠራ ልጅ 1,000 ሪያል ብታገኝ ወደ 267 ዶላር ነው። ዶላር 57 ብር በነበረ ጊዜ ይህ 15,200 ብር ገደማ ነበር፤ ዶላር 100 ብር ሲገባ 26,700 ሆነ። ለልጅቷ አንድ ሪያል ሳይጨመርላት፣ አገር ቤት ካለው ደመወዝ ጋር ያለው ርቀት በጥቂት ሳምንታት ሰፋ። ግን የዘይትና የሲሚንቶ ዋጋም አብሮ ስለሚወጣ፣ ትርፉ በቁጥሩ ልክ አይደለም።

ጥያቄ፦ እህቴ ለሳዑዲ የቤት ሠራተኝነት በኮንትራት ልትሄድ ነው። ኤጀንሲው ብዙ ገንዘብ ጠየቀን። ምን ምን ነው የምንከፍለው?

መልስ፦ በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የኢንሹራንስ ወጪ የአሠሪው ነው። የእናንተ ፓስፖርት፣ የልደት ሰርተፊኬት፣ ከወንጀል ነጻ ማስረጃ፣ የጤና ምርመራና ክትባት፣ የብቃት ማረጋገጫ ናቸው። ለማስቀጠር ተብሎ ከሠራተኛዋ የሚጠየቅ ገንዘብ የለም። "የቪዛ" ወይም "የማፋጠኛ" ካሏችሁ ደረሰኝ ጠይቁ፤ ደረሰኝ የማይቆረጥበትን ብር አትስጡ። ዕድሜዋ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ መንገዱ ዝግ ነው። ዕድሜ ማስጨመር ኋላ ችግር ሲመጣ ማንነቷን ማስረዳት እንዳትችል ያደርጋታል።

ከመሄዷ በፊት ኮንትራቱን በሚገባት ቋንቋ አስነብቧት። ደመወዙ በቁጥር ይጻፍ፤ የዕረፍት ቀን ይጻፍ። የፓስፖርቷ፣ የቪዛዋና የኮንትራቷ ፎቶ፣ የአሠሪው ሙሉ ስምና ስልክ ቤት ይቅር። እንደደረሰች የኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ቁጥሯን ትላክ። የአንድ ሰው ስልክ ደግሞ በቃሏ ትያዝ፤ ሞባይል መጀመሪያ የሚነጠቅ ዕቃ ነውና።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ እዚያ ስትደርስ ሌላ ኮንትራት ይቀርብላታል፣ ፓስፖርቷን ማዳም ትይዘዋለች፣ ደመወዝ "ሲጠራቀም ይሰጥሻል" ይባላል። በየወሩ ካልተከፈላት ሁለተኛውን ወር ሳትጠብቅ ለኤጀንሲው ትንገር፤ በአዋጁ ኤጀንሲው ከአሠሪው ጋር በጋራ ተጠያቂ ነው። ሳታሳውቅ ከቤት ከወጣች ካፊሉ፣ ማለትም አሠሪዋ፣ ሁሩብ (ጠፍታለች) ብሎ ያስመዘግባታል፤ ከዚያ በኋላ ከሳሽ መሆኗ ቀርቶ ተፈላጊ ትሆናለች። ሳዑዲ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. አሠሪ መቀየርን ያቀለለ ማሻሻያ ብታወጣም የቤት ሠራተኞችን አላካተተም።

ጥያቄ፦ ወንዶቹ ለምን በባሕር? ኮንትራት የላቸውም እንዴ?

መልስ፦ የባሕረ ሰላጤው ዓረብ አገሮች ከእኛ አገር በብዛት የሚጠይቁት የቤት ሠራተኛ ነው፣ እሱም ሴት። ወንዱ እረኝነትና የቀን ሥራ ያገኛል፤ በሕጋዊ መንገድ የሚጠራው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በጂቡቲዋ ኦቦክ ወይም በሶማሊያዋ ቦሳሶ በኩል ወደ የመን ይሻገራል። እ.አ.አ. በ2019 ብቻ ከ138,000 በላይ ሰው በዚህ መንገድ የመን ገብቷል፤ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ነው።

ከጂቡቲ በኩል ጠባቡ የባሕር ክፍል 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከባሕሩ የሚከፋው ማዶው ነው። በየመን ዳርቻ ባለው ራስ አል ዓራ ወጣቶቹ ታግተው፣ እየተደበደቡ ስልክ ተሰጥቷቸው ቤተሰብ ገንዘብ እንዲልክ ይደረጋል። "ስትደርስ ትከፍላለህ" የሚለው ደላላ የሚያተርፈው ከዚህ ነው፤ ልጁን ለሚቀጥለው አሳላፊ ያስረክባል፣ ያኛው ደግሞ የራሱን ሒሳብ አዲስ ይጀምራል። መነሻ ላይ የተነገራችሁ ዋጋ የመጀመሪያው ቁራጭ ብቻ ነው።

ወደ ደቡብ አፍሪካ በሚወስደው መንገድ ደግሞ አደጋው ኮንቴይነር ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። ከውጭ የተዘጋ ብረት ከውስጥ አይከፈትም።

ጥያቄ፦ ከሳዑዲ ተባሮ የመጣ ልጅ ለምን መልሶ ይሄዳል?

መልስ፦ ዕዳው ስለሚጠብቀው ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ሰው ሲመለስ፣ ብዙዎቹ የመጡት ባዶ እጃቸውን ነው። የላኩት ብርም በአባት ወይም በወንድም ስም ቤት ሆኗል፣ ሠርግ ሆኗል፣ ተበልቷል። የሚልክ ሁሉ ቢያንስ ግማሹን በራሱ ስም ባለ የባንክ ሒሳብ ያስቀምጥ፤ ይህን ለቤተሰብ መንገር የሚቀለው ከመሄድ በፊት ነው።

ጥያቄ፦ ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ የሚወርደውስ? እሱም ስደት ይባላል?

መልስ፦ ወቅታዊ ፍልሰት ነው፤ ምክንያቱም ሰሊጡ ራሱ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ በጥቂት ቀናት ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ እጅ ይፈልጋል። አጨዳው በመስከረምና በጥቅምት ሲሆን፣ የደጋው ጤፍ ገና አልደረሰም። የጎጃም፣ የጎንደርና የወሎ ገበሬ ያንን ክፍተት ይሠራበታል። የጸጥታው ችግር ባለባቸው ዓመታት ግን መንገዱ ይዘጋል፤ መጀመሪያ ያንን አጣሩ።

ደገኛ ቆላ ሲወርድ የሚይዘው ወባና ካላዛር ነው። ካላዛርን የሚያስተላልፈው አሸዋ ዝንብ በግራር ሥርና በተሰነጠቀ ጥቁር አፈር ውስጥ ይደበቃል፣ ማታ ይናደፋል። ግራር ሥር አትተኙ፤ አጎበር ይዛችሁ ውረዱ። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሆድ በግራ በኩል ካበጠና ሰውነት ከከሳ፣ የወባ መድኃኒት ብቻ ወስዳችሁ አትቀመጡ። ቆላ ወርደን ነበር ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩና የካላዛር ምርመራ ጠይቁ።