መልስ፦ 4,294,967,297 ብቸኛ ቁጥር ነው?

4,294,967,297 ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ብቸኛ ቁጥር ነው ወይ ብለው ለጠየቁት፣ አይደለም። ግምትዎ ግን የሚናቅ አይደለም፤ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማም እንዲሁ ያምን ነበር። ቁጥሩ 32 ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው 1 ሲደመርበት የሚገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1732 የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ለ641 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል አሳየ፤ ድርሻው 6,700,417 ነው።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ መንገዱ ነው። ኦይለር በኋላ እንዳረጋገጠው፣ ብቸኛ ቁጥር የሆነ አካፋዩ ሁሉ ለ64 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። ስለዚህ በሺዎች የሚቆጠሩ ቁጥሮችን መሞከር አያስፈልግም፤ 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ ከዚያ 641። በአምስተኛው ሙከራ ይገኛል! በወረቀት ይሞክሩት፣ ደስታው ልዩ ነው።

6,700,417ም ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ፣ የጠየቁት ቁጥር አካፋዮች አራት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 641፣ 6,700,417ና ራሱ።