እኛ እንሰማቸዋለን፣ እነሱ አይሰሙንም

ፒያሳ ያለውን ቢሮዎን ከመርካቶው መጋዘን የሚያገናኘው በ128 ኪሎቢት በሰከንድ የሚሠራ የኪራይ ሲሪያል መስመር ነው። አምስተኛው ስልክ ሲነሳ የሁሉም ድምፅ ስለሚቆራረጥ፣ በፒያሳው የሲስኮ ራውተር ሲሪያል ኢንተርፌስ ላይ የአርቲፒ ሄደር ማመቂያውን አበሩ፤ አርቲፒ ድምፅን በኔትወርክ የሚያጓጉዝ ደንብ ነው፣ ሄደር ደግሞ በእያንዳንዱ ፓኬት (የመረጃ እሽግ) ፊት የሚለጠፈው የአድራሻና የቁጥር መረጃ። ከዚያ ወዲህ መጋዘኑ የእርስዎን ድምፅ አይሰማም፤ የእነሱ ግን ጥርት ብሎ ይመጣል።

የመርካቶውን ራውተር አልነኩትም ማለት ነው።

ሐሳቡስ ትክክል ነበር። በጂ.729 የድምፅ ማሳነሻ የሚሄድ ፓኬት 20 ባይት ድምፅ ይዞ 40 ባይት ሄደር ይሸከማል፤ 20 የአይፒ፣ 8 የዩዲፒ፣ 12 የአርቲፒ። ከዕቃው ማሸጊያው ይከብዳል! በሰከንድ 50 ፓኬት ሲላክ አንድ ጥሪ 24 ኪሎቢት፣ አምስቱ 120 ይወስዳሉ፤ የመስመሩ የራሱ ፍሬም (ፓኬቱን የሚጠቀልለው ሌላ ሽፋን) ሲታከልበት ቦታ አይተርፍም። ማመቂያው 40ውን ወደ 2 ባይት፣ የዩዲፒ ቼክሰም (የስህተት መፈተሻ ቁጥር) ካለ ወደ 4 ያወርደዋል። ጥሪው ወደ 9 ኪሎቢት ገደማ ይወርዳል።

አሠራሩ ደንበኛ በሆኑበት ካፌ «የተለመደውን» እንደ ማለት ነው፤ አስተናጋጁ ነጣ ያለ ማኪያቶ፣ ስኳሩን ለብቻ አድርጎ ያመጣል። በአንድ ጥሪ ውስጥ አድራሻውና ፖርቱ አይለወጡም፤ ተራ ቁጥሩ በ1፣ የጊዜ ምልክቱ በ160 ይጨምራል። ስለዚህ ሙሉው ሄደር መጀመሪያ ላይ ይላካል፣ ከዚያ በኋላ «የተለመደው» ይበቃል። አዲስ አስተናጋጅ ግን ቆሞ ያይዎታል። የመርካቶው ራውተርም ያልገባውን ፓኬት ይጥለዋል።

መስመሩ ኤችዲኤልሲ በሚባለው የፍሬም ዓይነት የሚሠራ ከሆነ ሁለቱ ራውተሮች ስለዚህ ነገር አይደራደሩም፤ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት አድርገው በእጅዎ ያብሩት። ሌላው የፍሬም ዓይነት፣ ፒፒፒ፣ ሲገናኝ ራሱ ይደራደራል፤ እኔ ብሆን ወደዚያ እቀይረው ነበር። በማብሪያው ትእዛዝ ላይ «ፓሲቭ» የምትለዋን ቃል በሁለቱም ራውተሮች ላይ እንዳይጽፉ። ሌላው ካመቀ አምቃለሁ ማለት ስለሆነች፣ ሁለቱም ሲጠባበቁ ይውላሉ። ከዚያ አንድ ሰው እያወራ ሳለ «ሾው አይፒ አርቲፒ ሄደር-ኮምፕሬሽን» ብለው ይመልከቱ፤ የተላከውም የተቀበለውም የታመቀ ፓኬት ቁጥር መጨመር አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር። መስመሩ የመዳብ ከሆነና ክረምት ሲገባ ስህተት የሚበዛበት ከሆነ፣ አስቀድመው ኬብሉን ያስጠግኑ። አንድ ፓኬት ሲጠፋ ተቀባዩ ቆጠራው ይፋለስበታል፤ ላኪው ሙሉ ሄደር እስኪልክለት ድረስም ተከትለው የመጡትን ሁሉ ይጥላል። መጋዘኑ ፋይበር የገባለት ዕለት ደግሞ ማመቂያውን ያጥፉት፤ በሰፊ መስመር ላይ የራውተሩን ፕሮሰሰር ከማድከም በቀር ጥቅም የለውም።