ያልታጠበ ፊልምና የኤርፖርት ኤክስሬይ፦ ጥያቄና መልስ

ለዓመታት የካሜራ ፊልም ይዤ ተጉዣለሁ፤ የማጥበውም ራሴ ነኝ። ጠይቁኝ። አስቀድሜ ግን፦ ያልታጠበ ፊልም ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። በጭራሽ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለ 400 አይኤስኦ (ፊልሙ ለብርሃን ያለው ንቃት መለኪያ) ፊልም ኤክስሬይ ያበላሸዋል?

መልስ፦ የትኛው ኤክስሬይ? ወሳኙ እሱ ነው። የድሮው የእጅ ሻንጣ ማሽን ጨረሩ ደካማ ስለሆነ ከ800 በታች ያለ ፊልም አንድ ሁለቴ ቢያልፍበት ጉዳቱ አይታይም። ጉዳቱ ግን ይጠራቀማል፤ በየኤርፖርቱ ያለፈበትን ቁጠሩ። አዲሱ ሲቲ ስካነር ሌላ ነገር ነው። ሻንጣውን እየዞረ ከየአቅጣጫው ያነሳዋል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ማለፍም ሊበቃ ይችላል። ፊልሙ ላይ ያለው የብር ጨው ኤክስሬይን ከብርሃን አይለይም። ሲታጠብ ኔጋቲቩ በክፈፎቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ሳይቀር ይጠቁራል፤ ፎቶው ላይ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ በጥላ ውስጥ ያለው ዝርዝር ይጠፋል። ፊልም አምራቾቹ ኮዳክም ኢልፎርድም ፊልም በሲቲ እንዳይገባ ያስጠነቅቃሉ። ፈታሾቹ «ላፕቶፕ አታውጡ» ካሏችሁ ማሽኑ ሲቲ ሊሆን ስለሚችል ተጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ ሚሞሪ ካርድስ?

መልስ፦ ምንም አይሆንም።

ጥያቄ፦ ፎቶውን ወዲያው የሚያወጣው ፖላሮይድስ?

መልስ፦ ያው ፊልም ነው። ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ኤክስሬይ እንዳያሳልፍ ተብሎ በእርሳስ ማዕድን (ሊድ) የተሠራ ከረጢት ውስጥ ብንከተውስ?

መልስ፦ አትመኑበት። ፈታሹ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ነገር ሲያይ ሻንጣውን መልሶ ያሳልፈዋል።

ሌላ አባል፦ እኔ አሥር ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ፤ አንዴም አልተበላሸብኝም።

ሦስተኛ አባል፦ በድሮው ማሽን ከሆነ ያለ ከረጢቱም አይበላሽብህም ነበር። ምን ያረጋግጣል?

ሌላ አባል፦ ታዲያ ለምን ይሸጡታል?

መልስ፦ ስለ መሸጫው ሌላ ቦታ ተከራከሩ። ሲቲ ላይ አትመኑበት፤ አለቀ።

ጥያቄ፦ ፊልሜ ይበላሻል ወይስ አይበላሽም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስንት አይኤስኦ? የትኛው ማሽን? ከላይ ጽፌዋለሁ፤ አንብበው።

ጥያቄ፦ የተነሳበት ግን ያልታጠበ ፊልምስ?

መልስ፦ እህቴ፣ በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ባዶ ጥቅል ቢበላሽ ሌላ ይገዛል። የተነሳበት ግን ሥዕሉን በማይታይ መልኩ ይዟል፤ ኤክስሬዩ የሚያመጣው ጭጋግ (ያ ሥዕሉን የሚያደበዝዘው ጥቁረት) የሚያርፈው በዚያ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ስድስት ጥቅል በስህተት በጭነት ሻንጣ ልኬ ሁሉም ላይ ሞገድ የመሰለ ግርፋት ወጣ። የእናቴ የመጨረሻ ፎቶዎች እዚያ ውስጥ ነበሩ። ከቻላችሁ እዚያው የሄዳችሁበት አገር አሳጥቡ፤ የታጠበ ፊልም ኤክስሬይ አይነካውም።

ጥያቄ፦ ፊልሙ በማሽን ሳይሆን በእጅ ይፈተሽልኝ ብዬ ቢከለክሉኝስ?

መልስ፦ አሜሪካ ውስጥ መጠየቅ ይቻላል። በብዙ ሌላ አገር በፈታሹ ፈቃድ ነው፤ ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ በትሕትና ጠይቁ። ፊልሙን ከካርቶኑ አውጥታችሁ በሚያሳይ ላስቲክ ያዙ፤ ባለ 3200 ካለ፣ በጣም ንቁ ፊልም መሆኑን ፈታሹ እንዲያይ ከላይ ይታይ። ካሜራ ውስጥ ጥቅል አታስቀሩ፤ ለማየት ብለው ክዳኑን ከከፈቱት በብርሃን ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ የትኛውን ፊልም ልግዛ?

መልስ፦ የዛሬ ጥያቄ አይደለም።

ጥያቄ፦ የእኔ በሲቲ አልፏል። ልጣለው?

መልስ፦ አትጣለው! በተለመደው የማጠቢያ ጊዜ እጠበው። ፑሽ ብቻ አታድርገው (ማለትም ከተለመደው ጊዜ በላይ አትጠበው)፤ ጭጋጉንም አብሮ ያጎላዋል።