አውራ ዶሮዬ ያለ ሰዓቱ ይጮሃል፣ ልረደው?

ጥያቄ፦ የቡሬ ሴት ነኝ። ሸለምጥማጥ ዶሮዎቼን እየወሰደ ሲያስቸግረኝ የዶሮ ቤቱ ውስጥ አምፖል አስገጠምኩና ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ ያድራል። ሸለምጥማጡስ ቀረ፣ ግን አውራው ማታ በ3 ሰዓትም በ7 ሰዓትም ይጮህ ጀመር። ጎረቤቶቼ ሟርት ነው እረጂው ይሉኛል፣ ዩኒቨርሲቲ ያለው ልጄ ደግሞ "እማ መብራቱ ነው፣ የላብራቶሪ አይጥም እንደዛ ትሆናለች" ይለኛል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎን ይስሙ።

አይጥ የሌሊት እንስሳ ናት አይደል፣ ላብራቶሪ ውስጥ የምትሮጥበት መሽከርከሪያ ይሰጧትና ስንት ዙር እንደሮጠች ኮምፒውተር ይመዘግባል። መብራቱ በሰዓቱ ሲበራና ሲጠፋ ልክ እንደጠፋ ተነስታ ትሮጣለች። ጭራሽ ካልጠፋ ግን ቀኗ ከ24 ሰዓት በላይ ይረዝምባታል፣ ዛሬ ማታ በ1 ሰዓት የተነሳችው ነገ በ1 ተኩል፣ ከነገ ወዲያ በ2 እያለች ትንሸራተታለች። አይጠ መጎጥማ ደማቅ መብራት ስር ሳምንታት ከቆየች ሌሊትና ቀን የሚባል ነገር ይጠፋባትና ትንሽ ትተኛለች ትንሽ ትነሳለች፣ ሴቶቹም የመራቢያ ዑደታቸው ይቆማል።

የሚገርመው በውስጧ ያለው ሰዓት አልሞተም። አንጎሏ ስር 20 ሺህ ገደማ ሴሎች አሉ፣ እያንዳንዱ የራሱን ሰዓት ይቆጥራል፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የማያቋርጥ መብራት የሚያበላሸው መናበባቸውን ነው፤ ማህሌት ላይ ሁሉም ከበሮውንና ጽናጽሉን እንደያዘ፣ ግን አንዱ ሌላውን ሳይሰማ በየራሱ ቢመታ በሉት።

ወደ አውራው ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የጃፓን ተመራማሪዎች ናጎያ ከተማ ላይ አውራ ዶሮዎችን ሁሌ ደብዘዝ ባለ መብራት ውስጥ አስቀምጠው ጩኸታቸው በራሱ ሰዓት በ23.7 ሰዓት አንዴ እየተመለሰ ሲመጣ አይተዋል። ማለትም የሚጮኸው ከውስጡ ባለ ሰዓት ነው። በዛ ላይ መብራትም የሌላ አውራ ጩኸትም ይቀሰቅሰዋል፣ የእርስዎ ደግሞ አምፖሉ ከአናቱ ላይ፣ የጎረቤት አውራ ከአጥሩ ማዶ፣ ምን ያርግ?

አምፖሉን ማታ ያጥፉት፣ ለሸለምጥማጡ መስኮቱንና የግድግዳውን ቀዳዳ በወንፊት ሽቦ ያስደፍኑት፣ ከሽቦው ዋጋ ይልቅ የመብራት ቆጣሪው ነው የሚጎዳዎት። ጫጩት ካለ ደግሞ አምፖሉ ዛሬውኑ ይጥፋ፣ ጨለማ ሳያይ ያደገ ጫጩት ዓይኑ ከመጠን በላይ ይተልቅና እስከ መታወር ሊደርስ ይችላል።