ብሮንዙን ከመግዛትህ በፊት ክራንኩን አስለካ

ከኮምቦልቻ «የኮሮላዬን ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ አወረድኩ፣ ብሮንዞቹ ተበልተዋል፣ አዲስ ገጥሜ ልዝጋው?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፦ እንዳትዘጋው! የኔም ኮሮላ ናት። የደረሰብኝን ልንገርህ። ብሮንዝ የምንለው ክራንኩ የሚሽከረከርበትን ስስ የብረት ቅርፊት ነው።

1ኛ. መጀመሪያ ክራንክ ሻፍቱ፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ በማይክሮሜትር (ረቂቅ ውፍረት መለኪያ) ይለካ። በጥፍሩ ዳሶ «ደህና ነው» የሚልህን መካኒክ አትስማ። ጥፍር ጭረት ያገኝ ይሆናል፣ ክብነቱ መጥፋቱን ግን አያውቅም። ብሮንዙ የሚቀመጥበት እያንዳንዱ ቦታ በሁለት አቅጣጫ ይለካል። ልኩ ከተለያየ ክራንኩ ቶርኖ ቤት (ብረት የሚላግበት ቤት) ገብቶ ይላጋል፣ ብሮንዙም በተላገው ልክ ወፈር ያለው ይገዛል፤ 0.25፣ 0.50 ሚሊሜትር እያለ ይቀጥላል።

እኔ ይሄን የተማርኩት ገንዘቤን ከስክሼ ነው። እዚሁ ደሴ አንድ ጋራዥ ሞተሬን አወረደና ምንም ሳይለካ ስታንዳርድ ብሮንዝ (ላልተላገ ክራንክ የሚሆነውን) ገጥሞ ሰጠኝ። ከፒያሳ ሸዋ በር ስመላለስ ምንም ድምፅ አልነበረውም። ከናንተ ከተማ ስመለስ፣ ሐረጎ ዳገት ላይ መምታት ጀመረ። ነዳጅ ስሰጠው ኳ ኳ ኳ፣ ስለቅለት ቀነስ። ሐረጎን ታውቀዋለህ፣ ሞተር የሚደብቀው ነገር የለም። መልሼ ስወስድላቸው «ወፈር ያለ ዘይት ጨምርበት» አሉኝ። ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ሲወርድ ዘይቱ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ተኝቷል። የቢየላው (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያያይዘው ክንድ) ብሮንዝ ፊቱ ተልጦ ከሥሩ ያለው መዳብ ወጥቷል። ይሄን አይተው እንኳ ይቅርታ የሚል ሰው አልተገኘም። የእጅ ዋጋዬንም አልመለሱልኝ። ሁለተኛ እጃቸው እንዳይነካው ብዬ ራሴ ፈትቼ ራሴ ገጠምኩት።

2ኛ. ክራንኩ ከቶርኖ ቤት ሲመለስ የዘይት ቀዳዳዎቹን ራስህ እጠባቸው። ሲላግ የወጣው ብናኝ እዚያ ውስጥ ይቀራል፣ ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱ ገፍቶ አዲሱ ብሮንዝ ላይ ይደፋዋል። ጋዝ በሲሪንጅ ጨምር፣ በቀጭን ብሩሽ ፈትግ፣ በኮምፕረሰር ንፋ። ከኔው የወጣው ነጩን ጨርቅ አጥቁሮታል። «ታጥቧል ወይ?» ብዬ ስጠይቅ ቶርኖ ቤት ያለው ሰውዬ «ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው?» ብሎ ጮኾብኝ ነበር። ይጩህ፣ አንተ እጠብ።

3ኛ. ካርቶን አትመን። የብሮንዙ መጠን ጀርባው ላይ ተጽፏል። እኔ ባንኮኒው ላይ አንድ በአንድ እየገለበጥኩ ሳይ ካርቶኑ 0.25 ይላል፣ ውስጡ ስታንዳርድ ነው። ሻጩ «ከተከፈተ አይመለስም» ብሎ ተቆጣ። ብሩ ገና ኪሴ ውስጥ ነው ብዬው ወጣሁ። ትክክለኛውን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሰው ልኬ አስመጣሁ። ዘገየብኝ እንጂ አልቆጨኝም።

ስትገጥም የቢየላዎቹን ክዳን እንዳታቀያይር፣ እያንዳንዱ ከራሱ ቢየላ ጋር ነው የሚሄደው። ምልክት ካላደረግክባቸው ዛሬውኑ አድርግ። የብሮንዙ ጀርባ ደረቅና ንጹህ ይሁን፣ ዘይት የሚቀባው ፊቱ ነው። የዘይት ቀዳዳ ያለውን የክራንክ ብሮንዝ ብሎኩ (ዋናው የሞተሩ አካል) ላይ አስቀምጠው፣ ቀዳዳ ለቀዳዳ ይግጠም። ብሎኑን በግምት አትሰር፣ ቶርክ ሬንች (የማሰሪያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ተዋስና ማኑዋሉ ባለው ቁጥር እሰር። አንድ ክዳን ባሰርክ ቁጥር ክራንኩን አዙረው። ድንገት ከከበደህ ወደ ቀጣዩ አትሂድ፣ ያሰርከውን ፍታና እይ።

ሞተሩን ገጥመህ፣ ዘይት ሞልተህ ስትጨርስ ቶሎ ለማስነሳት አትቸኩል። ካንዴላዎቹን ፍታ፣ ነዳጁንና እሳቱን አቋርጥ፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ (በማስነሻው) እያሳረፍክ አዙረው። ከዚያ በኋላ ነው የሚነሳው። የኔዋ ዛሬ ሰው ሞልታ ሐረጎን ስትወጣ የምሰማው የጎማ ድምፅ ብቻ ነው።

እዚያ ማይክሮሜትር ያለው ሰው ካጣህ ክራንኩን ጠቅልለህ ደሴ ና፣ አብረን እንለካዋለን።